የአባቴ ድምፅ የጠፋበት ሰሞን

አባቴ ድምፁ የጠፋው ለምክር ቤት በተወዳደረበት ዓመት፣ የአሳማ መንጋ ከየገጠሩ ወደ ወንዙ ዳር መነዳት በሚጀምርበት ወር ነው። ያኔ ስምንት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዛሬ ይህን ብናገር የሚያምነኝ የለም። በቴልፎርድ ከተማ አሳሄል ፔንድሪ ድምፁ ጠፍቶ ያውቃል ማለት የኦሃዮ ወንዝ ደርቆ ያውቃል እንደ ማለት ነው።

ባለፈው ወር፣ ሐውልት ሊያቆሙለት ካሰቡት ሰዎች አንዱ፣ አንድ ወጣት ጠበቃ ቤቴ መጥቶ ነበር።

"ወይዘሮ ሎቪና፣ ከልጅነትዎ ስለ አባትዎ የሚያስታውሱትን ትንሽ ነገር ቢያጫውቱኝ" አለኝ።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ስለ አነጋገሩ። ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የሚያነሣው ድምፁን ነው።"

ሻይ ቀዳሁለትና ስለ ፈረሶቹ አወራሁለት። የቀረውን ለእሱ መንገር ከበደኝ።

አባቴ ትምህርት ቤት ብዙ አልገባም። የአናጺ ልጅ ነበር። በአንድ ሽማግሌ ጠበቃ ቢሮ ወለል እየጠረገ፣ ምድጃ እያነደደ ሕግ አነበበ። ከዚያም ዳኛው በፈረስ በሄደበት ሁሉ ከወረዳ ወረዳ እየተከተለ፣ ለጠፋ ጊደርም ለተገደለ ሰውም እየተሟገተ ስም አወጣ። ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ሲለው እሱ የራሱን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ብቻ ያልፋል። እኔ ትልቅ ሰው ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ለካ የችሎት ወረቀቶቹን የሚይዘው ባርኔጣው ውስጥ ኖሯል፤ እንዳይበተኑበት ነው።

ሳሎን ውስጥ ቆሞ ንግግር ሲለማመድ ቁም ሣጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴ "አሳሄል፣ ዕቃዬን!" ትለዋለች። እኔ ብርጭቆዎቹ የሚያጨበጭቡለት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱ ጋር ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ዳር እወርዳለሁ። እዚያ የሆሴዕ ቲብስ ፀጉር ቤት አለ። ሆሴዕ ጥቁር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሚስቱ ኬዝያ ከጓሮ የሰው ልብስ ታጥባለች። ሆሴዕ የአባቴን ፂም እየላጨ ያሾፍበታል።

"ጌታዬ፣ አፍዎን ይዝጉ፤ ምላጩ ፓርቲ አይለይም።"

"አንተ ብቻ ነህ እኮ ዝም የምታሰኘኝ" ይላል አባቴ።

ያን ጊዜ በእኛ በኩል ባለው ዳር ባሪያ አልነበረም። በወዲያኛው በኬንታኪ ዳር ግን ነበር። በመካከል ያለው ወንዝ ብቻ ነው። ሆሴዕ በወጣትነቱ የዚያኛው ዳር ሰው ነበር። ጌታው የገዛ ጀልባው ላይ አሳፍሮ ወደ እኛ ከተማ ካመጣው በኋላ፣ "ሥራህን ፈልግ" ብሎ ትቶት ሄዷል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰውዬው ሲሞት ግን የወንድሙ ልጅ፣ ዴቨሬል የሚባል፣ "ሆሴዕ የሸሸ ባሪያዬ ነው" ብሎ ወረቀት ይዞ መጣ። ሆሴዕን ከፀጉር ቤቱ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ወሰዱት።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኬዝያ በማድ ቤታችን በር መጣች። እጇ ከሳሙናው ውኃ ገና አልደረቀም ነበር።

"ጌታዬ፣ ሰኞ ችሎት ያቀርቡታል። በከተማው ያሉት ጠበቆች ሁሉ ወደ እርስዎ ላኩኝ።"

"ፈርተው ነው" አለ አባቴ። "አንቺ ግን አትፍሪ። እኔ እቆምለታለሁ። ሕጉም፣ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው። ከችሎቱ ነፃ ሆኖ ይነሣል፤ ታያለሽ።"

ኬዝያ ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ አስነሣት። ያን ቀን ከአባቴ የሚበልጥ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ኮሎኔል ላትሮፕ መጣ። የአሳማ ማረጃው ባለቤትና የአባቴ ፓርቲ አለቃ ነው። ጫማው ሁልጊዜ የቀለጠ ስብ ይሸታል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል።

"በልቼ ነው የመጣሁት፣ አትቸገሩ" አለ ኮሎኔሉ። ከዚያ የእናቴን የፖም ኬክ ደጋግሞ አስቆረሰ። አፉን ጠርጎ ሲጨርስ እንዲህ አለ።

"አሳሄል፣ ቁርጡን ልንገርህ። ነገ እዚያ ችሎት ቆመህ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ድምፅህን ታጣለህ።"

"ሁሉንም?" አለ አባቴ።

"የወንዙን ዳር በሙሉ፤ ኑሮው ከኬንታኪ ጋር በመነገድ ነው። ላይ ያሉት ገበሬዎች ትንሽ ይተዉልህ ይሆናል። በዚያች ግን ዋሽንግተን አይደረስም።"

ክው አልኩ። የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ አክስቴ ክረምት ክረምት ይጠፋባታል። እዚያ ችሎት ቤት ምን ዓይነት ብርድ ቢኖር ነው የአባቴን ያህል ድምፅ የሚወስደው? "ትንሽ ይተዉልህ ይሆናል" ሲል ደግሞ አባቴ እንደ ጫጩት ሲንሾካሾክ ታየኝ።

"ለሚስቱ ቃል ገብቻለሁ" አለ አባቴ።

"ቃል! አንተ ጠበቃ ነህ ወንድሜ። ቃል ለጠበቃ፣ ዱቄት ለዳቦ ጋጋሪ ነው። ከእጅህ ይጠፋል እንዴ?" ኮሎኔሉ ሳቀ፤ አባቴ አልሳቀም። "ስማኝ። ከተመረጥክ በኋላ ለሺህ ሆሴዕ ትናገራለህ። ካልተመረጥክ ግን ለአንዱም አይሆንልህ። ደግሞ እምቢ በላት አላልኩህም። ሰው ነህ፤ ሰው ይታመማል። ይህ የወንዝ ጭጋግ ስንቱን አልጋ ላይ ጥሏል።"

እናቴ ሰሃኑን አነሣች። በመካከላቸው ስታልፍ ማንንም አላየችም።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ አባቴ ምድጃው ዳር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንገቱ በግራጫ የሱፍ ጨርቅ እስከ ጆሮው ተጠቅልሏል። እናቴ ከኋላው ቆማ ጫፉን ትቋጥራለች፤ ሲያስለው እንኳ አላላችለትም።

"አባዬ!"

ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። የእኔን የትምህርት ሰሌዳ ከጠረጴዛው አንሥቶ በጠመኔ "ድምፄ ጠፋ" ብሎ ጻፈ።

"ገና ሳትሄድ?" ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ቋጠሮውን ለቀቀችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ኬዝያ በሩ ላይ ነበረች። ነጭ አንገትጌ ያለው የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች።

"ጉሮሮው ተዘግቷል፤ መናገር አይችልም" አለቻት እናቴ።

"ይናገር አላልኩም እመቤቴ። መጥቶ ይቁምልኝ ብቻ። እሱ ከቆመ ይፈሩታል። የሚለውንም ይጻፈውና ሌላ ሰው ያንብበው።"

"ሐኪሙ ከአልጋ አትውረድ ብሎታል።"

ኬዝያ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ከበሩ ላይ ምድጃውና የአባቴ ጀርባ ይታያል።  አሳዘነችኝ።

"አይዞሽ ኬዝያ፣ የዝይ ስብ እቀባዋለሁ። አክስቴን የሚያድናት እሱ ነው።"

ዝቅ ብላ ፊቴን አየችው። "ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ ቀቢው። ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።"

ቀባሁት። ጨርቁን ገለል አድርጌ፣ በሁለት እጄ፣ አንገቱ እስኪያብለጨልጭ አሸሁት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዓይኑ ጥግ እንባ ወረደ፤ የስቡ ሽታ መስሎኝ ነበር።

ተጨማሪ ስብ ላመጣ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ይዤ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። የጓሮው በር ተከፍቷል። ወደ ጋጣው አካባቢ ስደርስ ሰማሁት፤ የአባቴን ድምፅ፣ ያንን ብርጭቆ የሚያንጫጫውን።

በሳንቃው ስንጥቅ አየሁ። አባቴ ግራጫዋ ፈረስ ፊት ቆሞ፣ አንድ እጁን አንሥቶ ይናገራል።

"ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው አልሸሸም! የሚሸሽ ሰው በጌታው ጀልባ፣ በጌታው አጠገብ ተቀምጦ፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ይሻገራል? ነፃ ምድር ላይ ያቆመው የጌታው እጅ ነው። የሞተ ሰው የሰጠውን ነፃነት፣ ሕያው ወራሽ ሊነጥቀው አይችልም!"

ፈረሷ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጠዋለች። አባቴ እንደዚያ አምሮበት አይቼው አላውቅም። ድኗል! ስቡ ሠርቷል! ፈረሷ አጠገብ ስለቆመ ሊጭናት ነው አልኩ፤ ንግግሩን ላቋርጠው አልፈለግኩም። እስኪደርስ እንዳይፈርዱበት እኔ ቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ሮጥኩ።

መንገዱ በአሳማ መንጋ ተሞልቶ ነበር። በአጥር ሥር ተሽሎክልኬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ችሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ወጣሁ። ውስጡ የረጠበ ሱፍና የትንባሆ ምራቅ ይሸታል። በሰዎች እግር መካከል ወደ ፊት ገባሁ። ሆሴዕ እጁ በብረት ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሽርጡን አላወለቁለትም። ዴቨሬል ማዶ ተቀምጦ ፖም ይገምጣል።

ጉዳዩን የሚያየው ሹም፣ "ለዚህ ሰው የሚቆም ጠበቃ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

የከተማው ጠበቆች ባርኔጣቸው ውስጥ የጠፋባቸውን ነገር መፈለግ ጀመሩ።

"አለ!" ብዬ ጮኽኩ። "አባቴ ይመጣል! ድምፁ ተመልሷል! ጋጣ ውስጥ ለፈረሳችን ሁሉንም ሲነግራት ሰምቼዋለሁ!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። "ፈረሷስ ምን ፈረደች?" አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ኮሎኔል ላትሮፕ መስኮቱ ጋ ነበር፤ አጎንብሶ ጫማውን ያያል።

ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። "ምን ሲላት ሰማሽ፣ ልጄ?"

"ይህ ሰው አልሸሸም አላት። ጌታው በገዛ ጀልባው ነው ያሻገረው አላት።"

ዴቨሬል ማኘኩን አቆመ። ሹሙ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻውን የሚቆም ሰውም አልነበረም።

"በልጅና በፈረስ ቃል መወሰን አልችልም" አለ። "አቶ ፔንድሪ ግን የሚመጣ ከሆነ፣ የቀትሩ ደወል እስኪደወል እጠብቃለሁ።"

ሆሴዕ በቁልምጫ ስሜ ጠርቶ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። "ነይ፣ ሚስ ቪኒ፣ ተቀመጪ። እግርሽ ርሷል።"

ኬዝያ ከኋላው ቆማ ትከሻውን ይዛለች። ሦስታችንም በሩን እናያለን።

"ይመጣል እኮ" አልኩት። "ፈረሷን እየጫነ ነው።"

"እሺ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፤ "ለፈረሷ ሲነግራት እንዴት ነበር? በሹክሹክታ ነው ወይስ ጮኾ?"

"ጮኾ! እጁንም አንሥቶ።"

"አሃ" አለ ሆሴዕ። "እንግዲያስ ጥሩ አድርጎ ተናግሯል።"

በዚያ ዕድሜዬ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ዛሬ የሆሴዕን ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ፤ ያንን "አሃ" ግን አልረሳሁትም። እኔ ነገሩን ሳልረዳ፣ እሱ ከእኔ አፍ ሁሉንም ተረድቶ ጨርሷል። ሆኖም እግሬ እንዳይበርደኝ ሽርጡን በታሰረ እጁ ከወገቡ ፈትቶ አለበሰኝ።

ደወሉ ተደወለ። ሹሙ ሆሴዕን ለዴቨሬል በሚሰጠው ወረቀት ላይ ፈረመ። ሆሴዕን ሲያስነሡት ኬዝያ አልጮኸችም፤ ከአንገትጌው ላይ ፀጉር ለቅማ ጣለችለት። መስኮቱ ላይ ወጥቼ ወደ ሰፈራችን መንገድ አየሁ። አሳማዎቹ አልፈዋል፤ መንገዱ ባዶ ነው።

ቤት ስገባ አባቴ ምድጃው ዳር አንገቱ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ለምን ዘገየህ? ድምፁ ተመልሷል ብያቸው እኮ ደወል እስኪደወል ጠበቁህ። እዚያው ሄጄ ነገርኳቸው። ኮሎኔሉም ነበረ።"

አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። ጣቱን ጉሮሮው ላይ አደረገ። እንደገና ጠፋበት ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ፣ ከኋላው ቆማ ጨርቁን ከአንገቱ ፈታችው።

"በቃ" አለችው። "ያልታመመ ሰው ማስታመም ደከመኝ።"

እኔ በእጇ ነክታ ያዳነችው መሰለኝና ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሳሎን ውስጥ ሲለማመድ "ዕቃዬን!" ብላው አታውቅም።

ኮሎኔሉ የተናገረው ሁሉ ደርሷል። አባቴ ያን ዓመት ተመረጠ፤ ከዚያም ደጋግሞ ተመረጠ። የሰሜንና የደቡቡ ጦርነት ሊነሣ ሲል በዋሽንግተን ባርነትን በመቃወም ከተናገሩት ሁሉ የእሱ ንግግር ይበልጥ ነበር ይላሉ። "ይህ ሰው አልሸሸም" ብሎ የጀመረውን ንግግር የከተማችን ተማሪዎች ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። ወጣቱ ጠበቃም ሻይ እየጠጣ ሊወጣልኝ ጀምሮ ነበር። ለሺህ ሆሴዕ ተናግሯል፤ በዚህ ማንም ሊዋሽበት አይገባም። ያንን ንግግር መጀመሪያ የሰማችው ግን ግራጫ ፈረስ ናት።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ያ ሳምንት ገና አላለቀም ነበር። ቅዳሜ፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ በገበያው አደባባይ በሬ ታርዶ ተጠበሰ፤ የፖም ጠጅ በርሜል ተከፈተ፤ ለአባቴ መድረክ ተሠራ። እናቴ "ራሴን አሞኛል" ብላ ቀረች። እኔ አዲስ ሪባን አስሬ መድረኩ ሥር ቆምኩ። አባቴ ሲነሣ ሕዝቡ ጮኸ። "ድምፃችን ያንተ ነው!" ይላሉ። እኔም ድምፁ ስለጠፋበት ሁሉም የየራሱን ሊያዋጣለት መሰለኝ።

ማዋጣት አላስፈለገም። እንደዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ስለ ግብር፣ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ ወንዝ ንግድ ተናገረ። ከማረጃው ጣሪያ ላይ ርግቦች ተነሥተው በረሩ።

ከፊት፣ ከመድረኩ አጠገብ፣ ኬዝያ ቆማለች። ያንኑ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን አጣምራ። ሰዎች ገለል እያሉ ስለነበር በዙሪያዋ ክፍት ቦታ አለ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከአፉ ላይ አላነሣችም። አባቴ ሲናገር ወደ ሁሉም ጎን ይዞራል፤ ወደዚያ ጎን ግን አንድ ጊዜም አልዞረም።

ሲያበቃ ወደ እሷ ሮጥኩ።

"ሰማሽው ኬዝያ? ዳነ እኮ!"

"ሰማሁት፣ የኔ ልጅ።" ሪባኔ ተፈትቶ ነበር፤ አሰረችልኝ። "ሁሉንም ሰማሁት። አሁን ይበቃኛል።"

በማግስቱ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ጀልባ ቀዛፊው ኬዝያን ወደ ወዲያኛው ዳር አሻገራት። ነፃ ሴት ናት፤ እዚያ ዳር ግን የነፃነቷን ወረቀት የሚያይላት አይኖርም። ቀዛፊው "ተመለሺ" ብሎ እንደለመናት፣ እሷም ጀልባው አፍንጫ ላይ ፊቷን ወደ ኬንታኪ አድርጋ እንደተቀመጠች ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱም የሰማ የለም።

ሰኞ ቁርስ ላይ አባቴን፣ "ኬዝያ ወዴት ሄደች?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አላውቅም" አለኝ፤ በጠራና በሙሉ ድምፅ።